ከሜልክ እስከ ክሬምስ፦ በዳኑብ ዳር ቀስ እያሉ በብስክሌት

ይህን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት ባቡር እንዳያመልጠው እንደሚሮጥ ሰው ነበር። ኦስትሪያ ውስጥ ካለችው ሜልክ ተነስቼ 37 ኪሎ ሜትር ገደማውን በሁለት ሰዓት ጨርሼ ክሬምስ ገባሁ። ማታ ቤት ስደርስ "ምን አየህ?" ስባል የምመልሰው አጣሁ። ገዳሙን ከሩቅ አይቻለሁ። ወንዙ በግራዬ ነበር። በቃ።

በሚቀጥለው ዓመት አክስቴ ከባሕር ዳር ልትጠይቀኝ መጣች። ዕድሜዋ 58 ነው። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ብስክሌት ያውቃል፤ እሷም በልጅነቷ ትምህርት ቤት የምትመላለሰው በብስክሌት ነበር። ግን ፔዳል ከረገጠች ከሃያ ዓመት በላይ አልፏት ነበር። ያንኑ መንገድ አብረን ስንሄድ ከጠዋት እስከ ማታ ወሰደብን። በየመንደሩ ቆምን። ከወይን ቆራጮች ጋር በእጅ ምልክት አወራን። እስካሁን ስልክ ስንደዋወል የምናነሳው ያንን ቀን ነው።

ስለዚህ ይህ መመሪያ የተጻፈው በአክስቴ ፍጥነት ነው። ብዙ ብስክሌት ነድታችሁ ለማታውቁ፣ ጉልበታችሁን ለማትተማመኑ፣ ከልጅ ወይም ከወላጅ ጋር ለምትሄዱ ይሆናል። ጠንካራ ከሆናችሁም ለአንድ ቀን ጥንካሬያችሁን ቤት ትታችሁ ኑ።

ቦታው የት ነው? ለምንስ ይቀላል?

ዳኑብ ከአውሮፓ ወንዞች ከቮልጋ ቀጥሎ ረጅሙ ነው። ከጀርመን ጥቁር ደን ተነስቶ 2,850 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና ጥቁር ባሕር ይገባል። በመንገዱ አሥር አገር ይነካል። ዓባይን እያየ ላደገ ሰው ብዙ አገር የሚያቋርጥ ወንዝ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ኦስትሪያውያን ወንዙን ዶናው ይሉታል። ዳር ዳሩን የሚሄደው የብስክሌት መንገድ ደግሞ ዶናውራድቬግ ይባላል። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ እስከ ጥቁር ባሕር የሚዘልቀው የዩሮቬሎ 6 አንድ ክፍል ነው።

ከጀርመኗ ፓሳው ከተማ እስከ ቪየና ያለው ብቻ ከ300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እኔ የምወስዳችሁ ከዚያ መካከል ቫኻው ወደሚባለው ሸለቆ ነው። ከሜልክ ጀምሮ ክሬምስ ላይ ያበቃል። ዩኔስኮ በ2000 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሚቀለው ወንዙን ስለሚከተል ነው። ውሃ ዳገት አይወጣም፤ መንገዱም ከጥቂት አጫጭር አቀበቶች በቀር አይወጣም። አብዛኛው አስፋልት ነው። ከመኪና መንገድ የተለየ ነው፤ ካልተለየም መኪና የማይበዛበት የመንደር መንገድ ነው። አንድ ነገር ግን አትሳሳቱ። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ፣ ማለትም ወንዙ ወደሚፈስበት ሂዱ። እዚያ አካባቢ ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከምዕራብ ነው የሚመጣው። ከጀርባ ሲገፋ አታስተውሉትም። ከፊት ሲመጣ ግን ሜዳው ሁሉ ዳገት ይሆናል።

መቼ ልሂድ?

ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ መርከቦቹም፣ መሻገሪያ ጀልባዎቹም፣ ገዳሙም በደንብ ይሠራሉ። በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ አፕሪኮት ያብባል፤ ሸለቆው ነጭና ሐምራዊ ቅልቅል ይለብሳል። ለዓይን የሚያህለው የለም፤ ግን ገና ይበርዳል። ጁላይና ኦገስት ሙቀት ነው። የወይኑ እርሻ መካከል ጥላ የለም።

የእኔ ምርጫ የሴፕቴምበር አጋማሽ ነው፤ እሱም በሥራ ቀን። ወይኑ ይለቀማል፣ ፀሐዩ ይለዝባል፣ ቅዳሜና እሑድ መንገዱን የሚሞላው ሰው የለም። እሑድ ብቻ የሚመቻችሁ ከሆነ ምግባችሁን ቅዳሜ ግዙ። ኦስትሪያ ውስጥ እሑድ ሱፐርማርኬት ዝግ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት የወንዙን ሁኔታ ጠይቁ። ከባድ ዝናብ ከዘነበ ዳኑብ ይሞላል። ያኔ ከውሃው አጠገብ ያለው መንገድ ይዘጋል፣ ጀልባውም ይቆማል። በየመንደሩ ግድግዳ ላይ ጎርፉ የደረሰበት ከፍታ ከነዓመቱ ተቀርጾ ታያላችሁ። የ2002 እና የ2013ቱን ፈልጉ፤ አንዳንዱ ምልክት ከራሳችሁ በላይ ነው።

ብስክሌቱን መምረጥና መፈተሽ

ቀጥ ብሎ የሚያስቀምጥ፣ ጎማው ወፈር ያለ፣ ማርሽ ያለው ተራ የከተማ ብስክሌት ይበቃል። ቀጭን ጎማ ያለው የእሽቅድምድም ብስክሌት በመንደሮቹ የድንጋይ ንጣፍ ላይ ያንገጫግጫል። ጉልበቱ ለሚያመው ሰው በባትሪ የሚታገዝ ብስክሌት ይከራያል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ አክስቴም የሄደችው በእሱ ነው።

ሜልክም ክሬምስም ላይ ኪራይ አለ። አንድ ቦታ ተከራይቶ ሌላ ቦታ ማስረከብ ይቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ይህን ሳይጠይቅ የሄደ ሰው ማታ ብስክሌቱን ለመመለስ መከራውን ያያል።

ከመቀበላችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ውሰዱ። ይህን የምለው ምክንያት አለኝ። አንድ ጊዜ ከተከራየሁት ብስክሌት የመቀመጫው ብሎን አልጠበቀም ነበር። ስድስት ኪሎ ሜትር ላይ መቀመጫው ከእነ እኔ ወደ ታች ወረደ። መፍቻ አልነበረኝም። ቀኑን ሙሉ ጉልበቴ ደረቴን እየነካ ነዳሁ።

መቀመጫውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ግራና ቀኝ ጠምዝዙት፤ መነቃነቅ የለበትም። ቁመቱን ለማስተካከል ተቀመጡና ተረከዛችሁን ታች በደረሰው ፔዳል ላይ አሳርፉ። እግር ቀጥ ካለ ቁመቱ ልክ ነው። ጎማውን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ጠንካራ መሆን አለበት። የፊቱንም የኋላውንም ፍሬን ለየብቻ ይዛችሁ ብስክሌቱን ግፉት። እዚያ አገር ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ ፍሬን ያላቸው ብስክሌቶች አሉ። ያልለመደ ሰው ሳያስበው ረግጦ ድንገት ይቆማል፤ ስለዚህ ግቢው ውስጥ ሁለት ዙር ነድታችሁ ልመዱት። ቃጭልና መብራት መኖሩን እዩ። ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሄልሜት በሕግ ግዴታ ነው። ለአዋቂ ግዴታ ባይሆንም እኔ ያለ ሄልሜት አልወጣም።

ምን ልያዝ?

ትንሽ። ጀርባ ላይ የሚታዘል ቦርሳ ላብ ያጠምቃል፤ ኋላ ባለው መጫኛ ላይ እሰሩት።

ውሃ በነፍስ ወከፍ አንድ ሊትር ተኩል። የቧንቧ ውሃ ይጠጣል። በየመንደሩ ምንጭ አለ፤ "ትሪንክቫሰር" የሚል ከተጻፈበት የሚጠጣ ነው፤ "ካይን ትሪንክቫሰር" ካለ ግን አይጠጣም። ስስ የዝናብ ጃኬት። የፀሐይ ቅባት። መለዋወጫ የውስጥ ጎማ፣ ትንሽ መንፊያና መፍቻ። ጥሬ ገንዘብ፣ በተለይ ለጀልባው። ስልክ ሙሉ ቻርጅ። የድንገተኛ አደጋ ቁጥር 112 ነው።

ስለ ምግብ ትንሽ ላውራ። ሱቅ የሚሸጡትን የስፖርተኛ ብስኩት ትቼ በሶ ይዤ መሄድ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። በትንሽ ውሃና ጨው የተጨበጠ በሶ ከረሃብ ያቆያል፣ ሆድ አይከብድም፣ በፀሐይ አይበላሽም። አንድ ላስቲክ ቆሎ፣ ጥቂት ዳቦ ቆሎ። አክስቴ ከቤት የቋጠረችው ይህንኑ ነበር። ገበሬ መንገድ ሲወጣ የሚይዘው ስንቅ ለብስክሌትም ልክ ሆኖ ተገኘ። ጾም የምትጾሙ ከሆነ ደግሞ ይህ ስንቅ በጣም ይጠቅማችኋል። ፍልሰታ ከኦገስት 7 ጀምሮ ስለሚውል ከጉዞው ወቅት ጋር ይገናኛል። ምግብ ቤት ስትገቡ "ቪጋን" ብላችሁ ጠይቁ፤ ቃሉን ሁሉም ያውቀዋል።

ወደ ሜልክ መድረስ

ከቪየና የምትነሱ ከሆነ ከቬስትባንሆፍ ጣቢያ በክልል ባቡር ሜልክ ድረስ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። የራሳችሁን ብስክሌት ይዛችሁ ከሆነ ለእሱም ትኬት ይቆረጣል። በክልል ባቡር ቦታ ማስያዝ አያስፈልግም፤ በፈጣኑ የረጅም ርቀት ባቡር ግን ያስፈልጋል። የብስክሌት ምልክት ያለበትን በር ፈልጉ። ቅዳሜ ጠዋት ቦታው ቶሎ ይሞላል። በአገራችን አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት፣ በእነሱ 9 ላይ ሜልክ ብትደርሱ ቀኑ ይበቃችኋል።

ሜልክ፦ ከመንዳት በፊት ገዳሙ

ከባቡር ጣቢያው ስትወጡ ከፊታችሁ አለት ላይ የተቀመጠ ትልቅ ቢጫ ሕንፃ ይታያል። የሜልክ ገዳም ነው። የቤኔዲክት መነኮሳት ከ1089 ጀምሮ ሳያቋርጡ ይኖሩበታል። አሁን የሚታየው ሕንፃ ከ1702 እስከ 1736 ጌጥ በሚበዛበት የባሮክ ስልት የተሠራ ነው፤ ንድፉን ያወጣው ያኮብ ፕራንድታወር ይባላል። ግቢው ውስጥ ዛሬም ትምህርት ቤት አለ። ቦርሳ ያዘሉ ልጆች በቱሪስቱ መካከል ሲሮጡ ታያላችሁ።

ብስክሌታችሁን ታች ከተማው ውስጥ ቆልፋችሁ በእግር ውጡ። አንድ ሰዓት ተኩል ስጡት። ጊዜ ካጠራችሁ የነገሥታቱን ክፍሎች ቶሎ እለፉና ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ቆዩ። ወደ 100,000 የሚጠጉ መጻሕፍት አሉት፤ ከእነሱም መካከል በእጅ የተጻፉ ብራናዎች። ጣሪያው ላይ ያለው ሥዕል የፓውል ትሮገር ነው። አክስቴ ብራናዎቹን በመስታወት ውስጥ ስታይ ዝም ብላ ቆመች። ከዚያ "እነዚህም ቆዳ ፍቀዋል" አለች። የጣና ገዳማትን ብራና እያየ ያደገ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ እንግዳ አይሆንም።

ከእምነበረድ አዳራሹ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የሚወስደው ሰገነት ላይ ቆማችሁ ወንዙን እዩ። እሱን ተከትላችሁ ነው የምትሄዱት።

በደቡብ ዳር እስከ ጀልባው (ወደ 19 ኪሎ ሜትር)

እዚህ ላይ ምርጫ አለ። መንገዱ በወንዙ በሁለቱም በኩል ይሄዳል። ሰሜኑ መንደር ይበዛዋል፤ ደቡቡ ጸጥ ያለ ነው። ብዙ ሰው ከሜልክ ድልድዩን ተሻግሮ ከመጀመሪያው በሰሜን ይሄዳል። እኔ የምመክረው ሁለቱን ማጣመር ነው። ጠዋት በደቡብ ዳር ሂዱ፣ መሃል ላይ በጀልባ ተሻገሩ፣ ከሰዓት በሰሜን ጨርሱ። ስለዚህ ድልድዩን አትሻገሩ። ዶናውራድቬግ ወይም ዩሮቬሎ 6 የሚሉትን ምልክቶች ይዛችሁ ወንዙን በግራ አድርጋችሁ ውጡ።

አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ ሸንቢዩል የሚባል ግንብ ከውሃው ጫፍ ካለ አለት ላይ ብቅ ይላል። ውስጡ ለጎብኚ ክፍት አይደለም። እዚያ አካባቢ አጭር ዳገት አለች፤ ማርሹን ቀድማችሁ ቀንሱ። ዳገቱ መካከል ከተቀነሰ ሰንሰለቱ ይንቋቋል፣ አንዳንዴም ይወልቃል። ወርዶ መግፋትም ምንም አይደለም።

ከዚያ በኋላ ሸለቆው ይጠባል፤ ተራራው በሁለቱም በኩል ይቀርባል። በስተቀኝ ቀና ካላችሁ ከወንዙ 300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የአግሽታይን ፍርስራሽ ግንብ ይታያል። ስለ ግንቡ የሚነገር አፈ ታሪክ አለ። ጌታው እስረኞቹን "የጽጌረዳ ገነቴ" በሚለው ጠባብ የገደል አፋፍ ላይ ያወጣቸው ነበር ይባላል። ምርጫቸው በረሃብ መሞት ወይም መዝለል ነበር። በእግር ለመውጣት አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ የመንገዱም ዳገት ይከብዳል። ለዚህ ቀን ከታች ሆኖ ማየት ይበቃል እላለሁ። ሌላ ቀን ለብቻው ይመለሱበታል።

ኦበርአርንስዶርፍ ስትደርሱ ውሃው ዳር ቁጭ በሉ። ከማዶ የሽፒትስ ከተማና ከበላይዋ የሂንተርሃውስ ፍርስራሽ ፊት ለፊት ይታያሉ። ከመንገዱ ሁሉ አንድ ቦታ ብቻ ቁሙ ብባል እዚህን እመርጣለሁ። በሶ የሚጨበጠው እዚህ ነው።

ሞተር የሌለው ጀልባ

ከኦበርአርንስዶርፍ ወደ ሽፒትስ የሚያሻግረው ጀልባ የሚሄደው በወንዙ ጉልበት ነው። ከዳር እስከ ዳር ከውሃው በላይ የብረት ገመድ ተወጥሯል። ጀልባው ከገመዱ ጋር ታስሯል። ቀዛፊው የጀልባውን ጎን ወደ ፈሳሹ ትንሽ ያዞረዋል፤ ውሃው ሲገፋው ገመዱ ወደ ታች እንዳይወሰድ ይይዘዋል። መሄጃ ያጣው ግፊት ጀልባውን ወደ ማዶ ይወስደዋል። ድምፅ የለውም። የሚሰማው ውሃው ብቻ ነው።

መኪናም ብስክሌትም ይጭናል። ማዶ ካለ ጠብቁት፣ ይመለሳል። መኪኖች እስኪገቡ ታገሡ፤ ከዚያ ብስክሌታችሁን እየገፋችሁ ግቡ፤ ብስክሌቱን ይዛችሁ ቁሙ። ክፍያው ጀልባው ላይ ነው። ማታ ሥራ ያቆማል፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ብዙ አትዘግዩ። ጀልባው ካልሠራ አትጨነቁ። በደቡብ ዳር ቀጥላችሁ ማውተርን ላይ በድልድይ ወደ ክሬምስ መሻገር ትችላላችሁ።

ሽፒትስ፣ እርከኑና የወይኑ ነገር

ሽፒትስ ላይ በወይን የተሸፈነ ኮረብታ አለ፤ "የሺህ ባልዲ ተራራ" ይሉታል። ጥሩ ዓመት ሲሆን ሺህ ባልዲ ወይን ጠጅ ይሰጣል ለማለት ነው። እርከኖቹን ቀረብ ብላችሁ እዩ። ድንጋዩ ያለ ሲሚንቶ፣ ያለ ጭቃ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተገጥግጦ የቆመ ነው። ኮንሶን ያየ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ኮንሶም በ2011 የዓለም ቅርስ የሆነው በዚሁ ዓይነት የእጅ ሥራ ነው። ሁለቱም ጋ አንድ ድንጋይ ሲወድቅ በዓመቱ ካልተመለሰ እርከኑ ሁሉ ይከተላል።

ጉልበት ያላችሁ ከሽፒትስ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ቪለንዶርፍን እዩ። በ1908 የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ በተደረገ ቁፋሮ 11 ሴንቲ ሜትር የምትሆን የሴት ምስል ተገኘች። ከኖራ ድንጋይ የተቀረጸች ናት። ወደ 30,000 ዓመት ገደማ ይገመታታል። እዚያ የቆመው ግልባጭ ነው፤ ዋናዋ ቪየና ናት። የባቡር ሐዲዱ በሚቀጥለው ዓመት በ1909 ተከፈተ፤ ዛሬም በጎብኚ ወቅት ባቡር ይሄድበታል።

አሁን ስለ መጠጥ። ከሽፒትስ እስከ ክሬምስ በየደጃፉ ወይን ጠጅ ይሸጣል። ሪስሊንግና ግሩነር ቬልትሊነር የሚባሉት ነጭ ወይኖች የአካባቢው መታወቂያ ናቸው። በሴፕቴምበር ደግሞ "ሽቱርም" የሚሉት አለ፤ ገና እየፈላ ያለ ደፍራሳ የወይን ጭማቂ። መልኩም ጣዕሙም ጠጅን ያስታውሳል፣ እንደ ጠጅም ጣፋጭነቱ ያታልላል። ሰክሮ ብስክሌት የሚነዳ ሰውም በሕግ ይቀጣል። አንድ ብርጭቆ ቅመሱ፤ ለጠርሙሱ ማታ ጊዜ አለ። ሽቱርም ገዝታችሁ ከሆነ አታጋድሙት። ጋዙ እንዲወጣ ክዳኑ ስለማይጠብቅ ቦርሳችሁን ያጥበዋል።

የማይጠጣ ሰው አፕሪኮቱ አለለት። ማሪለ ይሉታል፤ የኮክ ዘመድ ነው፤ ጁላይ ላይ ይደርሳል። ሙሉውን ፍሬ በሊጥ ጠቅልለው ቀቅለው፣ በቅቤ በተቆላ የዳቦ ፍርፋሪ ለውሰው ያቀርቡታል። የፍስክ ነው።

ከሽፒትስ እስከ ድዩርንሽታይን

ከዚህ በኋላ መንገዱ በወይኑ መካከል ይጥመለመላል። ትንንሽ ሽቅብና ቁልቁል አለው። ከገበሬ ትራክተር ጋር ከተገናኛችሁ ቅድሚያ ስጡ፤ ሥራ ላይ ነው። ሰው ስታልፉ "ግሩስ ጎት" በሉ። "እግዚአብሔር ሰላም ይበልህ" እንደማለት ነው። አክስቴ ትርጉሙን ከነገርኳት በኋላ አንድም ሰው ሳትል አላለፈችም።

ቅዱስ ሚካኤል የሚባለው ቦታ ላይ በግንብ የታጠረ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጣሪያው ጫፍ ላይ ሰባት የሸክላ ጥንቸሎች ተደርድረዋል። አንድ ክረምት በረዶው ጣሪያውን እስኪሸፍን ስለወደቀ ጥንቸሎች በላዩ ሮጡ ይላሉ የአገሩ ሰዎች። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ "ማን ቀድሞ ይቆጥራል?" በሏቸው። ከዚያ ቮሰንዶርፍንና ዮኺንግን አልፋችሁ ቫይሰንኪርሸን ትደርሳላችሁ። እዚህም በገመድ የሚሄድ ጀልባ አለ።

ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ቀጥሎ ድዩርንሽታይን ነው። ሰማያዊና ነጭ የቤተ ክርስቲያን ማማው ከሩቅ ይጠራል። መንገዱ ጠባብ፣ ድንጋዩ ወጣ ገባ፣ ሰው የበዛበት ነው። ውረዱና ግፉ።

ከከተማው በላይ ያለው ፍርስራሽ የእንግሊዙ ንጉሥ ልበ አንበሳው ሪቻርድ የታሰረበት ነው። በሦስተኛው የመስቀል ጦርነት ጊዜ አኮ በምትባለው ከተማ ላይ ከኦስትሪያው መስፍን ከሊዮፖልድ 5ኛ ጋር ተጣላ፤ የመስፍኑን ባንዲራ አስወረደበት ይባላል። ሪቻርድ ራሱን ደብቆ ወደ አገሩ ሲመለስ በዲሴምበር 1192 ቪየና አጠገብ ተያዘና እዚህ ታሰረ። በኋላ ለጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ለሄንሪ 6ኛ ተላልፎ ተሰጠ፤ የተፈታው በ1194 ነው። እንግሊዝ ለማስለቀቂያ ብዙ የብር ማዕድን ከፈለች። ከሊዮፖልድ ድርሻ የቪየና ቅጥር ተሠራ፤ ቪነር ኖይሽታት የምትባለውም ከተማ ተቆረቆረች። ታማኙ አዝማሪ ብሎንዴል በየግንቡ ሥር እየዘፈነ ጌታውን ፈልጎ አገኘው የሚለው ግን አፈ ታሪክ ነው። ግንቡን ያፈረሱት የስዊድን ወታደሮች ናቸው፤ በ1645።

ይህን ለአክስቴ ስነግራት "የእኛ ንጉሥ ያኔ ማን ነበር?" አለችኝ። ላሊበላ። ሪቻርድ እዚህ አለት ላይ ታስሮ ሲቀመጥ በእኛ አገር የዛግዌው ንጉሥ ዘመን ነበር። ሁለቱም ስለ ኢየሩሳሌም የሚያስቡ ነገሥታት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ያንን ፍርስራሽ በሌላ ዓይን ነው የማየው።

ለመውጣት በእግር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ብስክሌቱን ታች ቆልፉ፣ ውሃ ያዙ፣ ጫማችሁ የማያንሸራትት ይሁን። ይህኛው ድካሙ ይገባዋል። ከላይ ሆናችሁ የመጣችሁበትን የወንዝ ጥምዝ ታያላችሁ።

እስከ ክሬምስ፣ ከዚያም መመለስ

የቀረው ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ቀላል ነው። ሎይበን አጠገብ በ1805 ፈረንሳዮች ከሩሲያና ከኦስትሪያ ጦር ጋር የተዋጉበት መታሰቢያ ከወይኑ መካከል ቆሟል። ሽታይንን በጥንታዊ ጎዳናዋ አቋርጣችሁ ክሬምስ ትገባላችሁ። ሽታይነር ቶር የሚባለውን አሮጌ የከተማ በር ካያችሁ ደርሳችኋል።

ወደ ቪየና ባቡሩ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የሚገባው ፍራንትስ ዮሴፍ ጣቢያ ነው። ዕቃችሁ ወይም መኪናችሁ ሜልክ ከቀረ በመርከብ ተመለሱ። ብስክሌት ይጭናል። ወደ ላይ ውሃውን ስለሚቃወም ወደ ሦስት ሰዓት ይወስዳል፤ የመጨረሻው መርከብ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠዋት ጠይቁ።

ሁለተኛ ቀን ካላችሁ

ክሬምስ አድራችሁ ወደ ቪየና መንዳት ትችላላችሁ። ርቀቱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ከሆነባችሁ ቱልን ላይ፣ 45 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ባቡር ያዙ። ሸለቆው ይከፈትና ሜዳ ይሆናል። መልክዓ ምድሩ እንደ መጀመሪያው ቀን አይደለም፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። ግን ታሪክ አያልቅበትም። ዳኑብ የሮም ግዛት ድንበር ነበር፤ ማውተርንና ትራይስማወር ላይ የሮማውያን ግንብ ቅሪት አለ። ትስቬንተንዶርፍ ላይ ደግሞ ተሠርቶ አልቆ አንድም ቀን ያልሠራ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ትታያለች። በ1978 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ፤ ግማሹ በትንሽ በልጦ "አይሆንም" አለ፤ እንደቆመች ቀረች።

ቪየና ስትገቡ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጎራ በሉ። የቪለንዶርፏ ትንሽ ምስል እዚያ በራሷ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ናት። የብስክሌት ልብስ ለብሳችሁ ብትገቡ ማንም አይከለክላችሁም።